ለወንድሜ ጉበት የስቴም ሴል መርፌ እናስወጋው ወይ?

ጠያቂ፦ እህት ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። ምክራችሁን የምሻው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዕድሜው 44 ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ሲሆን የሚተዳደረውም በእንጨት ሥራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ስላለን የባህል መድኃኒት አስደርገንለት ቆየን። በኋላ ግን ሆዱ እየተነፋ፣ እግሩም እያበጠ ሲሄድ አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርነው፤ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበትና ጉበቱም ጠጥሮ ሲሮሲስ ከሚባለው ደረጃ መድረሱ ተነገረን። እስካሁን ሁለት ጊዜ የሆዱን ውኃ ቀድተውለታል፤ ባለፈው ወር ብቻ አምስት ሊትር ወጥቶለታል። የሚከታተለው ሐኪም በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘለትና፣ ሕመሙ እየጠና ከሄደ ግን ወደ ውጭ አገር ሄዶ የጉበት ንቅለ ተከላ ማድረግ እንደሚያስፈልገው ነገረን።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለን ዱባይ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ የአንድ ደላላ ስልክ ላከችልን። ደላላው ሰው የሚልከው ሕንድ አገር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሲሆን፣ ከአራስ ሕፃን እትብት የተወሰደ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ማደግ የሚችል መነሻ ሴል) በሦስት ዙር በመርፌ ከተሰጠው ጉበቱ ራሱን እንደሚያድስና ንቅለ ተከላም እንደማያስፈልገው አስረዳን። የተጠየቅነው 12 ሺህ ዶላር ነው። ከመቶው ሰው ዘጠናው ይድናል ብሎናል፤ ዳንን የሚሉ ሰዎችን ቪዲዮም ልኮልናል። ወንድሜ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽኖቹንና እናታችን የተወችልንን ቦታ ሸጠን እንድንሄድ ይፈልጋል፤ የቦታው ካርታ በስሜ ስለሆነ ያለ እኔ ፊርማ አይሸጥም። እንቢ ብዬው የሆነ እንደሆነ ለዘላለም ራሴን እንዳልወቅስ፣ ፈርሜም ልጆቹን ባዶ ሜዳ ላይ እንዳላስቀር እፈራለሁ። ይህ ሕክምና በእርግጥ የጠጠረን ጉበት ያድናል? የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

መልስ፦ የጉበትና የአንጀት ሐኪም

እህቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት መጠየቅዎ ትክክል ነው። አይፈርሙ። ለጉበት ሲሮሲስ ተብሎ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደ አንድም የስቴም ሴል ሕክምና የለም፤ ከመቶ ዘጠና ሰው አድኗል የሚል የታመነ ጥናትም የለም። ይሁንና «ውሸት ነው» ብዬ ብቻ ባልፍ ወንድምዎን ለማሳመን አይበቃዎትም፤ ምክንያቱም ደላላው የነገራችሁ ነገር ከእውነተኛ ምርምር ላይ የተቆነጸለ ስለሆነ ነው።

ጉበት ራሱን የመተካት ችሎታ ያለው መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛው ተቆርጦ ቢወጣ የቀረው አድጎ የቀድሞ መጠኑን እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ዛሬ አንድ ጤነኛ ሰው የጉበቱን ከፊል ለዘመዱ ሰጥቶ በሰላም የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የወንድምዎ ጉበት ይህን ማድረግ ያቃተው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ ስላቆሰለው ነው። ቁስሉ በዳነ ቁጥር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው እየተያያዘ ሲሄድ ጉበቱ ይጠጥራል፤ ከአንጀት የሚመጣው ደምም እንደ ልብ ማለፍ ስለማይችል ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሆዱ ውኃ የሚቋጥረው፣ የጉሮሮው ደም ሥሮችም የሚያብጡት ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ባለ ጉበት ላይ አዲስ ሴል መጨመር በጭንጫ ላይ ዘር እንደ መበተን ያለ ነው፤ ዘሩ መልካም ቢሆንም እንኳ መሬቱ አይቀበለውም።

ከእትብት ወይም ከአጥንት መቅኒ የሚወሰዱት ሜሴንካይማል የተባሉት ሴሎች ደግሞ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ወደ ጉበት ሄደው የጉበት ሴል አይሆኑም። በክንድ ደም ሥር ሲሰጡ አብዛኞቹ በመጀመሪያ ሳንባ ላይ ይቀራሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከሰውነት ይጠፋሉ። ጥቅም ካላቸው ጥቅማቸው በሚያመነጩት ንጥረ ነገር አማካይነት ብግነትን ማብረድ ነው። ይህንንም ተመራማሪዎች በሰው ላይ ፈትሸውታል፤ ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የደቡብ ኮርያ ጥናት በአልኮል ምክንያት ሲሮሲስ የያዛቸውን 72 ሰዎች አሳትፎ፣ ከራሳቸው መቅኒ የተወሰደ ሴል የተሰጣቸው ሰዎች የጉበት ጠባሳ አንዴ ለተሰጣቸው 25 በመቶ፣ ሁለቴ ለተሰጣቸው 37 በመቶ እንደቀነሰ ዘግቧል። በ2017 ደግሞ ቻይና ውስጥ በሄፓታይተስ ቢ ሳቢያ ጉበታቸው በድንገት በደከመባቸው 110 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሴል ከተሰጣቸው መካከል 73.2 በመቶው 24 ሳምንት በሕይወት ሲቆዩ፣ ካልተሰጣቸው መካከል የቆዩት 55.6 በመቶው ነበሩ። ይህ ሊናቅ የማይገባው ውጤት ነው፤ ነገር ግን የእነዚያ ሕመምተኞች ሁኔታ ከወንድምዎ የቆየ ሕመም የተለየ መሆኑን ልብ ይበሉ። በሌላ በኩል ኢራን ውስጥ በ2013 የታተመው ጥናት የሴሉን መርፌ ሴል ከሌለበት መርፌ ጋር አነጻጽሮ ምንም ጥቅም አላገኘም። በብሪታንያ በሦስት ሆስፒታሎች 81 ሰዎችን አሳትፎ በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ ከመቅኒ ወደ ደም የሚወጡ ሴሎችን አሰባስቦ መልሶ መስጠት የጉበትን አሠራር እንዳላሻሻለ፣ ይልቁንም ሴሉ በተሰጣቸው ሰዎች ላይ ከባድ የጤና ችግር በርከት ብሎ እንደታየ አሳይቷል። እኔ ይበልጥ የምተማመነው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ሕመምተኞቹ በዕጣ ተመድበው፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተነጻጽረው፣ ሰው ሲጠብቀው የነበረው ጥቅም ባይገኝም ውጤቱ ሳይደበቅ ታትሟልና።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ሐረግ ብቻ ያለፉት ነገር ነው። ሐኪሙ ያዘዘለት ክኒን ቫይረሱን የሚያግደው ቴኖፎቪር ይመስለኛል፤ ወንድምዎ አሁን በየቀኑ እየዋጠው ነው ወይ? ስቴም ሴል ቫይረሱን አይገድልም። ቫይረሱ የዘር መልእክቱን በጉበት ሴል አስኳል ውስጥ አኑሮ ስለሚቀመጥ፣ መድኃኒት ካላገደው በቀር አዲስ የሚያድገውንም ሴል ያጠቃል። ይህ ርካሽ ክኒን ግን ደላላው በ12 ሺህ ዶላር እሸጥላችኋለሁ ያለውን ነገር በከፊል ሲሠራ ታይቷል፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ቴኖፎቪርን አምስት ዓመት ከወሰዱት መካከል ሲጀምሩ ሲሮሲስ የነበረባቸው 96 ሰዎች ከጉበታቸው ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ 71ዱ ሲሮሲሱ ለቋቸው ተገኝተዋል። በእርግጥ እነዚያ ሰዎች ሆዳቸው ውኃ ከመቋጠሩ በፊት የጀመሩ ናቸው፤ ስለ ወንድምዎም ያንኑ ያህል ተስፋ መስጠት አልችልም። ሆኖም ውኃ መቋጠር ከጀመረም በኋላ ቫይረሱ ሲታገድ ጉበታቸው ያገገመላቸው፣ ንቅለ ተከላውም የቀረላቸው ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወንድሞቹና እህቶቹ፣ ሚስቱና ልጆቹም የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያድርጉ። በአገራችን ክትባቱ ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደው የቤተሰቡ አባል በሕፃንነቱ አልተከተበም ማለት ነው።

መልስ፦ አባቱን ይዞ ሕንድ የሄደ

እህቴ፣ የዶክተሩን መልስ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ ያንን መንገድ ከአምስት ዓመት በፊት ሄደንበታል።

አባቴም ሲሮሲስ ነበረበት። የመከረን ሰው እንደ እናንተው ደላላ «ቢላዋ የለ፣ ለጋሽ መፈለግ የለ» አለን፤ ለአንድ ስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ይህን የመሰለ ደስ የሚያሰኝ ቃል የለም። ክሊኒኩ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ንጹሕ ቦታ ነው፤ አበባ አለው፣ ሻይ ያቀርባሉ። አባቴ ከተኛ በኋላ አንዲት ነርስ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ከግሉኮሱ ጎን ሰቀለች። ፈሳሹ ምንም ቀለም አልነበረውም። ከረጢቱ ላይ የነበረው በእጅ የተጻፈ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከማን እንደተወሰደ፣ የት እንደተዘጋጀ፣ ስንት ሴል እንዳለው የሚናገር አንድም ነገር አልነበረበትም። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጅቶ አለቀ። ወረቀት ስጠይቅ የሰጡኝ የገንዘብ ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው ዙር በተሰጠው ማግስት አባቴን ብርድ ብርድ አለውና ትኩሳቱ ጨመረ፤ እነርሱ ግን «ሴሉ ሥራ ጀመረ ማለት ነው» አሉን፤ እኛም ምልክት ነው ብለን ደስ አለን። ዛሬ ይህን ስጽፍ የሚያንገበግበኝ ያ ደስታችን ነው።

በኋላ ያወቅሁትን ልንገርዎት። የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለደም ሕመሞች ከሚደረገው የመቅኒ ንቅለ ተከላ በስተቀር ስቴም ሴልን እንደ መደበኛ ሕክምና መስጠት እንደማይገባ፣ ለሌላ ሕመም መሰጠት የሚችለው በተፈቀደ ምርምር ውስጥ ብቻ እንደሆነ፣ በምርምር የሚሳተፍ ሕመምተኛም እንዲከፍል እንደማይደረግ በግልጽ ደንግጓል። ስለዚህ ሕንድ ውስጥ «ለጉበት ስቴም ሴል እንሰጣለን፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ሰው የራሱን አገር መመሪያ ተላልፏል። ትኩሳቱን በተመለከተም ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም፦ በ2018 በአሜሪካ በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በአሪዞና ከእትብት ደም የተዘጋጀ ምርት በመርፌ የተሰጣቸው 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተበክለው ሆስፒታል እስከ መተኛት ደርሰዋል፤ ይህን ያጣራው የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የአባቴ ሁኔታ ሲብስ ወደ እውነተኛው የንቅለ ተከላ ሆስፒታል ሄድን። እዚያ የነገሩን ነገር ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ሕጉ ለጋሹ በመሠረቱ የቅርብ ዘመድ እንዲሆን ያዛል፤ ለምሳሌ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት። ታላቅ ወንድሜ ቀድሞ ተመረመረ፤ እርሱም ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት፤ እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። እኔ ተመርምሬ ለመለገስ ብቁ ሆኜ ተገኘሁ። ነገር ግን ገንዘቡ በከረጢቶቹ አልቋል፤ አዲስ የሕክምና ቦርድ ወረቀት አሠርተን፣ የውጭ ምንዛሪ አስፈቅደን፣ ከዘመድ ተበድረን እስክንመለስ አባቴ ኩላሊቱም ደከመ። የጉበቴን ከፊል ልሰጠው ዝግጁ ሆኜ ሳለ ጊዜው አመለጠን። እኛን የጎዳን የወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ወር ነው የቀሙን። ማሽኖቹን መሸጥ የግድ ከሆነ ለንቅለ ተከላው ይሸጡ።

ጠያቂ፦ እህት ከደብረ ማርቆስ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወንድሜ፣ አባትዎን ነፍስ ይማርልዎ፤ ይህን ጽፈው ስላካፈሉኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ዶክተር፣ ጥያቄዎን ይዤ ትናንት ማታ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ክኒኑ እርስዎ እንዳሉት ቴኖፎቪር ነው፤ ባዶ ብልቃጡን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደልኝ። ካለቀበት አራት ወር ሆኖታል። በመጀመሪያ በአቅራቢያው መድኃኒት ቤት ፈልጎ ስላጣና ለአንድ ብልቃጥ ብሎ አዲስ አበባ መሄዱ ስለከበደው ትቶት ቆየ፤ በኋላም ስለ መርፌው ሲሰማ «በሽታው ከሥሩ ሊነቀል ነው፣ ክኒኑ ምን ያደርጋል» አለ። ማናችንም አልጠየቅነውም። እኔ በየሳምንቱ ምግብ እወስድለት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መድኃኒትህን ዋጥህ ወይ አላልኩትም።

ባለቤቱ ሌላ ነገርም ነገረችኝ፤ ማታ ማታ ወገቡን ሲያመው ዲክሎፌናክ ይወስዳል፤ ሰሞኑንም ሆዱን ይቆርጠዋል። ይህ ከባድ ነገር ነው?

ወንድሜ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል፤ «ምርምሩ እውነት ከሆነ ለእኔ የሚደርሰው መቼ ነው?» ይላል።

መልስ፦ የጉበትና የአንጀት ሐኪም

እህቴ፣ የሆድ ቁርጠቱ ለነገ የሚባል አይደለም። የተቋጠረው ውኃ ባክቴሪያ ሊገባበት ይችላል፤ ይህ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ልዩነት ሕይወት የሚቀጥፍ አጣዳፊ ሕመም ነው። አዲስ አበባ እስክትደርሱ ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውሰዱትና ከሆዱ ትንሽ ውኃ ተቀድቶ ይመርመር፤ ትኩሳት፣ የደም ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም መቀባዠር ከታየበት ደግሞ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ዳግም አይቅመስ፤ በሲሮሲስ ላይ ኩላሊትን ያደክማሉ። ቴኖፎቪሩ ወዲያውኑ እንዲጀመርለት ለሐኪሙ አራት ወር መቋረጡን ሳትደብቁ ንገሩት፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበቱን በአንድ ጊዜ ሊጥለው ስለሚችል፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ አብሮ ይታያል።

የሚበላውም ይታሰብበት። ውኃውን የሚያስቋጥረው በይበልጥ ጨው ነው፤ በቤታችን ደግሞ ጨው ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ገብቶ ያድራል። ባለቤቱ ለእርሱ ያለ ጨው የተፈጨ ሽሮ ለብቻ ታዘጋጅለት። ሥጋ፣ እንቁላልና ጥራጥሬ ግን አይከልከል፤ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ያስፈልገዋል።

መልስ፦ ስኮትላንድ የሚኖር የሴል ባዮሎጂ ተማሪ

የወንድምዎ ጥያቄ እኔም በየቀኑ የማስበው ጥያቄ ስለሆነ ልመልስለት እወዳለሁ።

ሊነገር የሚገባው ተስፋ አለ። የጃፓኑ ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በ2007 ደግሞ የሰውን ተራ የቆዳ ሴል ወደ ጽንስ መሰል ሴልነት መመለስ እንደሚቻል አሳይቶ በ2012 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ከእነዚህ ሴሎች ጉበት መሰል ሴል ማብቀል በብዙ ቤተ ሙከራ የተለመደ ሥራ ሆኗል። በ2019 ቶክዮ ውስጥ ጉበቱ አሞንያ የተባለውን መርዛማ ነገር ማስወገድ ያልቻለ አራስ ልጅ፣ ከጽንስ ስቴም ሴል የተዘጋጁ የጉበት ሴሎች ተሰጥተውት የአባቱን ጉበት ከፊል እስኪቀበል ድረስ ሊቆይ ችሏል። ልብ በሉ፤ እዚያም ቢሆን ሴሎቹ ሕፃኑን ለንቅለ ተከላው አደረሱት እንጂ ንቅለ ተከላውን አላስቀሩትም።

ለሲሮሲስ የቀረበው ሙከራ እዚሁ ኤድንብራ በፕሮፌሰር ስቱዋርት ፎርብስ ቡድን የተካሄደው ነው። የሚጠቀሙት ስቴም ሴል አይደለም፤ ከሕመምተኛው ደም የተለየ ነጭ የደም ሴል በቤተ ሙከራ አሳድገው፣ ጠባሳን የሚበላ ማክሮፋጅ የተባለ ሴል አድርገው መልሰው ይሰጡታል። በ2019 በታተመው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ዘጠኝ ሰዎች ወስደውት ጉዳት እንዳላስከተለ ታየ። ሃምሳ ያህል ሰዎች ተሳትፈውበት በ2025 የታተመው ሁለተኛው ደረጃ፣ ዋና መለኪያው በነበረው የጉበት ድካም ነጥብ ላይ ልዩነት አላሳየም፤ ነገር ግን ሕክምናውን ባገኙት ላይ ከጉበት ጋር የተያያዘ ከባድ ችግርና ሞት አነስ ብሎ ታይቷል። ከዘጠኝ ሰው ወደ ሃምሳ ሰው ለመድረስ ዓመታት ፈጅቷል፤ ቀጣዩም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ለወንድምዎ በእውነት የምለው፣ ለአሁኑ ሕመሙ በዚህ ላይ ተማምኖ መቀመጥ እንደሌለበት ነው።

ወደፊት «ምርምር ነው» የሚል ሌላ ደላላ ቢመጣባችሁ የምርምሩን የምዝገባ ቁጥር ጠይቁት። እውነተኛ ሙከራ በአደባባይ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው ስምምነት በምትረዱት ቋንቋ ያስነብባል፤ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክም ይናገራል፤ ከመቶ ዘጠና ይድናል አይልም፤ ያንን ለማወቅ ነውና ሙከራው የሚደረገው።

ጠያቂ፦ እህት ከደብረ ማርቆስ

የምጽፈው ከሆስፒታሉ ነው። መልሱን እንዳነበብኩ ወሰድነው፤ ከሆዱ የተቀዳው ውኃ ተመርምሮ ኢንፌክሽን ስለተገኘበት አስተኝተው በደም ሥሩ መድኃኒት ጀምረውለታል። ይህ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ቁርጠቱ ተወው፣ ትናንት እንቁላል በላ። ቴኖፎቪሩንም ሐኪሙ ጀምሮለታል፤ የሦስት ወሩን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚልክልን ዘመድ አግኝተናል፤ ሲያልቅ እንዳይቋረጥ የሚያበቃበትን ቀን እኔው ደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ።

እኔና ታናሽ እህታችን ደም ሰጥተን ተመረመርን። እኔ ነፃ ነኝ፤ ክትባቱንም ጀምሬአለሁ። እርሷ ግን ቫይረሱ ተገኝቶባታል፤ ጉበቷ ገና እንዳልተጎዳ ተነግሯት ክትትል ጀምራለች። የልጆቹን ውጤት ሐሙስ እንሰማለን።

የስቴም ሴሉን ነገር ለወንድሜ የነገርኩት የአባታቸውን ታሪክ የጻፉልንን ወንድም መልስ ከስልኬ ላይ አንብቤለት ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና ከረጢቱ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር የሚለውን ድጋሚ አስነበበኝ። ከዚያ ለደላላው እርሱ ራሱ ደወለና የምዝገባ ቁጥሩን ጠየቀው፤ ሰውየው እደውላለሁ ብሎ ዘጋ፤ እስካሁንም አልደወለም። ከሆስፒታል እንደወጣ ለንቅለ ተከላው የሚያስፈልገውን የቦርድ ወረቀት ለመጀመር አዲስ አበባ እንሄዳለን። የደም ዓይነታችን አንድ ነው፤ ለጋሽ መሆን እችል እንደሆነ የሚመረመረውን ሁሉ እዚያው እጠይቃለሁ።